የክፍሉ ግሩፕ ለምን ዝም ይላል?

ስለ ቴሌግራምና ስለ መማር ማስተማር ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ የሌለው መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም። ብዙዎቹ ግሩፖች የተከፈቱት በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ግሩፑን ከፍታችሁ ወደ ላይ ብታስሱ የምታገኙት ይታወቃል፦ የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ የአምናው ሞዴል ፈተና፣ "ነገ ዩኒፎርም ሳትለብሱ እንዳትመጡ" የሚል ማስታወቂያ፣ "እናመሰግናለን ቲቸር" የሚል መልስ፣ የበዓል ስታይከር፣ በመሀል ደግሞ አንዱ ሳያስበው ያስተላለፈው "ነፃ ዳታ ያግኙ" የሚል የማጭበርበሪያ ሊንክ። አባላቱ 64፣ የሚናገሩት አራት።

ለምን ዝም ይላል? አንዱ ምክንያት በየትኛውም አገር ያለ ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በአብዛኞቹ የኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ከመቶ ሰው 90ው ያነባል እንጂ አይጽፍም፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አዘውትሮ የሚጽፈው 1 ነው። ይህን ስሌት ለ64 ተማሪ ብንወስደው አዘውታሪው ጸሐፊ አንድ ሰው እንኳን አይሞላም። ስለዚህ አራት ተናጋሪ ያለው ግሩፕ ከብዙው የተሻለ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን በእጃችን ያለ ነው። ተማሪዎቹን ምንም አልጠየቅናቸውም። ፒዲኤፍ መልስ አይፈልግም፤ አውርዶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ያወረደ ተማሪ ደግሞ ያጠና ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንድ ጊዜ አንብበው መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎችን አወዳድረዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከ2 ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ኖት መላክ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ያሳምራል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የሳምንቱንና የሰኔውን ነው።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ግሩፑን በሳምንት አንድ ጥሩ ጥያቄ የሚቀርብበት ቦታ ማድረግ። አንድ ብቻ። ከዚያ በላይ የሞከረ መምህር በአብዛኛው እስከ ኅዳር አይዘልቅም።

መጀመሪያ ቤቱን እናስተካክል

ቻናልና ግሩፕ ለየብቻ ይሁኑ። ቻናል ላይ የሚለጥፈው መምህሩ ብቻ ነው፤ ኖት፣ ወርክሺት፣ የፈተና ፕሮግራም እዚያ ይቀመጣል። ንግግሩ ግሩፕ ላይ ይሁን። ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፦ ቻናሉን ከፍታችሁ ማስተካከያው ውስጥ "ዲስካሽን" የሚለውን ስትነኩ የትኛው ግሩፕ እንደሚያያዝ ይጠይቃችኋል። ከተያያዘ በኋላ ቻናሉ ላይ ከወጣው እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ተማሪው አስተያየት መስጠት ይችላል፤ አስተያየቱም ግሩፑ ውስጥ ይታያል። አምስት ሴክሽን የምታስተምሩ ከሆነ ቻናሉ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ግሩፑ ግን በየሴክሽኑ ይለያይ፤ አንድ ቻናል የሚያያዘው ከአንድ ግሩፕ ጋር ብቻ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ማያያዙ ይቅር። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ስለሚቀበል 300 ተማሪ አንድ ላይ መክተት ያጓጓል፤ በ300 ሰው ፊት "አልገባኝም" የሚል ልጅ ግን አታገኙም።

የመግቢያ ሊንኩን ስትሠሩ አባል የሚገባው በአድሚን ፈቃድ እንዲሆን አድርጉ። ሊንኩ ከክፍል ውጭ መውጣቱ አይቀርም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ማን እንደገባ ታውቃላችሁ። የአባላትን መብት በሚወስነው ቦታ ሰው መጨመርን፣ ስታይከርና ጂፍ መላክን ዝጉ፣ ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ ክፍት ይሁኑ። ስሎው ሞድ የሚባለውን 30 ሰከንድ ወይም 1 ደቂቃ ላይ አድርጉት፤ አንድ ተማሪ ከላከ በኋላ ያን ያህል ሳይቆይ ሌላ መላክ አይችልም። ይህ ዝምተኛ ልጆችን ይጠቅማል፤ ፈጣኑ ልጅ በተከታታይ አሥር መስመር ሲያወርድ የሌላው ሐሳብ ከታች ተቀብሮ ይቀራልና።

አድሚን ከእናንተ ሌላ ሦስት ይበቃል፦ አንድ የሥራ ባልደረባና ሁለት ተማሪዎች፣ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ። ተማሪዎቹ መልእክት ማጥፋትና ሰው ማገድ ይችሉ፣ ሌላ አድሚን መሾም ግን አይችሉ። ይህን መብት ሳያዩ ክፍት የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ በወሩ መጨረሻ ግሩፑ ውስጥ አሥራ አራት አድሚን ይገኛል፣ ማን ማንን እንደሾመ የሚያውቅ ግን አይኖርም።

ሊንኩን ከመስጠታችሁ በፊት ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ወስዳችሁ የስልክ ቁጥር ጉዳይን ጨርሱ። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር፤ እዚያ ቁጥሬን ማን ይየው ለሚለው "ኖባዲ"፣ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ ለሚለው "ማይ ኮንታክትስ"። ይህ ካልተደረገ በግሩፑ ምክንያት የሴት ተማሪዎች ቁጥር ለማያውቁት ሁሉ ሊጋለጥ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው የሌሊት መልእክት ነው፤ ልጅቷ ምክንያቱን ለማንም ሳትናገር ከግሩፑ ትወጣለች። እናንተም ብትሆኑ የትምህርት ጥያቄ በኢንቦክስ አትመልሱ። "ጥያቄህን ግሩፑ ላይ ጻፈው፣ እዚያ እመልስልሃለሁ" የሚል አንድ መልስ ይበቃል። ይህ ልማድ ተማሪውንም እናንተንም ይጠብቃል፤ ያው ጥያቄ ለአሥራ አንድ ሰው ለየብቻ ከመመለስም ያድናል።

የውጤት ዝርዝር ከነስም ግሩፕ ላይ መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ከይሉኝታ አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ቀን

ኤሪክ ማዙር የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከተለው የማስተማሪያ መንገድ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ለጥያቄው ለብቻው አስቦ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ የተለየ መልስ ከመረጠ ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ ከዚያ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። በመጀመሪያው ድምፅ ትክክለኛውን ያገኙት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ክርክሩ ፍሬ የለውም፣ ትምህርቱ ይደገም። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ክርክር የሚጠቅመው በመካከሉ ነው። ማዙር ይህን የሚሠራው በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው። ስልክ ይዞ ክፍል መግባት በተከለከለበት፣ ክፍለ ጊዜውም 40 ደቂቃ ገደማ በሆነበት ትምህርት ቤት ግን ያንኑ ሥራ በቴሌግራም በሦስት ምሽት መዘርጋት ይቻላል።

ጥያቄውን በቅርብ እንየው። ፎቶሲንተሲስ በምታስተምሩበት ሳምንት ሰኞ ምሽት ይህን አውጡ፦

"አንድ የባሕር ዛፍ ችግኝ አድጎ ትልቅ ዛፍ ሆነ። ተቆርጦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው የእንጨቱ ክብደት በአብዛኛው የመጣው ከየት ነው? ሀ. ከአፈር፤ ለ. ከውኃ፤ ሐ. ከአየር፤ መ. ከፀሐይ ብርሃን።"

እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ከአንድ እውነተኛ ስህተት የተወለደ መሆኑን ልብ በሉ። ሀ የሚለው ማዳበሪያ የተጨመረበት ማሳ ሲያፈራ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ለ የሚለው "ደረቀ" የሚለውን ቃል ዘሎታል። መ የሚለው ጉልበትንና ቁስን አንድ አድርጓል። አራቱም ምርጫዎች የሚከራከርላቸው ሰው ይኖራል። ከመጽሐፉ ገጽ ተገልብጦ "ፎቶሲንተሲስ የሚካሄደው በየትኛው የሕዋስ ክፍል ነው?" ቢባል ግን መጽሐፉን የገለጠ ሁሉ ያገኘዋል፤ የሚከራከርም አይኖርም። ምርጫዎችን ከራስ ማመንጨት ካስቸገራችሁ የተማሪዎቻችሁን ያለፈ ፈተና ወረቀት አውጡና ብዙ ሰው የጻፈውን ስህተት ቃል በቃል ውሰዱ፤ ከዚያ የተሻለ ምንጭ የለም።

የመጀመሪያው ድምፅ ተራ ፖል (የቴሌግራም ድምፅ መስጫ) ይሁን እንጂ ኩዊዝ አይሁን። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኩዊዝ ሞድ ላይ ተማሪው እንደነካ ትክክለኛው መልስ ይገለጥለታል፣ ክርክሩም ሳይጀመር ያልቃል። ተራ ፖል የሚያሳየው የድምፁን ክፍፍል ብቻ ነው፤ ያንንም ቢሆን ከመረጠ በኋላ። አኖኒመስ ቮቲንግ የሚለው እንደበራ ይቆይ፤ ማን ምን እንደመረጠ ከታየ ሁሉም የክፍሉን ጎበዝ ይጠብቃል። የብዙኃኑን አይቶ ድምፁን የሚቀይር አይጠፋምና በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ። ሥዕል ያለው ጥያቄ ከሆነ ሥዕሉን አስቀድማችሁ ላኩ፣ ፖሉን ለሥዕሉ ሪፕላይ አድርጋችሁ አስከትሉ።

ጥያቄውን ከአንድ ሴክሽን ግሩፕ ወደ ሌላው ፎርዋርድ ማድረግም ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ያደርጉታል። ፎርዋርድ የተደረገ ፖል ግን ያው አንዱ ፖል ነው፤ የ10ኛ "ሀ" እና የ10ኛ "ለ" ድምፅ ይደመራል። የትኛው ክፍል እንዳልገባው ማወቅ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ሥሩት።

ጥያቄው በቀጠሮ እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል፤ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብሎ መያዝ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት ነገር ያሳስታል። ቴሌግራም የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለምሽቱ 1 ሰዓት ብላችሁ 1፡00 ከሞላችሁ ጥያቄው የሚወጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ስልኩ የአባት ከሆነ አባት ይነቃል፣ በማግስቱ ስልኩ ለልጅቷ አይሰጥም። ለምሽቱ 1 ሰዓት 19፡00፣ ለምሽቱ 2 ሰዓት 20፡00 ብላችሁ ሙሉ። ቀኑም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ፖሉ 24 ሰዓት ክፍት ይቆይ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ መብራት የጠፋበትን፣ ስልክ ከወንድሙ የሚጠብቀውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ እራት ሠርታ ዕቃ አጥባ የምትጨርሰውን ልጅ ያስቀራል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ በቀጥታ የሚደረግ ውይይት ሞቅ ያለ ይመስላል፤ ማን እንደቀረ ብትቆጥሩ ግን በየሳምንቱ የሚቀሩት እነዚያው ናቸው።

ማክሰኞ ምሽት ፖሉን ዝጉና ክርክሩን ክፈቱ። "ተወያዩ" የሚል ትእዛዝ ማንንም አያናግርም። የሚሠራው ተራ ነው። 64 ተማሪ ካላችሁ በስምንት ረድፍ ስምንት ስምንት አድርጋችሁ ከፋፍሏቸው፤ በየሳምንቱ አንዱ ረድፍ ባለ ተራ ይሁን። ባለ ተራ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ የመረጥኩት ይህን ነው፤ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ሊያሳስተኝ የነበረው ምርጫ ደግሞ ይህ ነው። በስምንት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ስልክ የሌለው ባለ ተራ በወረቀት ጽፎ ያመጣል፣ እሱ ከፈቀደ የክፍል አለቃው ፎቶ አንስቶ ይለጥፍለታል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ቀላል ቢመስልም ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል የሚመልሰው ስለሆነ ስህተትን ማውራት ነውር መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ የመምህሩ ሥራ ዝም ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ገና ሁለተኛው ተማሪ እንደጻፈ መምህሩ ገብቶ "ትክክለኛው መልስ ሐ ነው፣ ምክንያቱም..." ካለ ግሩፑ ለዚያ ሳምንት ተዘጋ። ስድብ ካልመጣ ወይም ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስህተት ካልተጻፈ በስተቀር እስከ ረቡዕ ምሽት ጠብቁ። መግባት ካለባችሁም በጥያቄ ግቡ፦ "ዛፉ የበቀለበት ጉድጓድ አፈር ያን ያህል ጎደለ ወይ?"

ረቡዕ ምሽት ያንኑ ጥያቄ በኩዊዝ ሞድ አውጡት። ኩዊዝ ላይ የማብራሪያ ቦታ አለ፤ የሚይዘው 200 ፊደል ስለሆነ አጭር ይሁን፦ "ደረቅ እንጨት በአብዛኛው ካርቦንና ኦክስጅን ነው፤ ሁለቱም የመጡት ቅጠሉ ከአየር ከወሰደው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው።" ረዘም ያለው ማብራሪያ ሐሙስ ክፍል ውስጥ ይሰጥ፣ 7 ደቂቃ ይበቃዋል። የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ማንሳት ትችላላችሁ፦ ወደ 2.3 ኪሎ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ክብደቱ በታወቀ ደረቅ አፈር ውስጥ ተክሎ 5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ስትሆን አፈሩ የቀነሰው 57 ግራም ያህል ብቻ ነበር። እሱ ራሱ ክብደቱ ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ፤ "ለ"ን የመረጡ ልጆች በ17ኛው መቶ ዘመን ከነበረ ትልቅ ሊቅ ጋር መሳሳታቸውን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ለቀልጣፎቹ ደግሞ የሴሉሎስን ስሌት ስጧቸው፦ ከ162 ክፍል ክብደት 72ቱ ካርቦን፣ 80ው ኦክስጅን፣ 10ሩ ብቻ ሃይድሮጅን ነው፤ ከውኃ የመጣው ይህ ሃይድሮጅን ነው።

የሐሙሱ 7 ደቂቃ መዘለል የለበትም። ስልክ ለሌላቸው ተማሪዎች ጥያቄው ማክሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፍ፣ እጅ በማውጣት ይቆጠሩ። ግሩፑ ላይ የሆነው ነገር ክፍል ካልገባ ስልክ ያለውና የሌለው ሁለት የተለያየ ትምህርት ይማራሉ። በዚሁ ምክንያት ለግሩፕ ተሳትፎ ማርክ መስጠትን አንመክርም። ማርክ የተጨመረበት ሳምንት ግሩፑ በ"እስማማለሁ" ይጥለቀለቃል፤ ዳታ የሌለው ደግሞ በድህነቱ ይቀጣል።

በየትኛው ቋንቋ?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንድ መምህራን ግሩፑም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፣ ውጤቱ ግን ዝምታ ነው። ልጁ ስለ ካርቦን ማሰቡን ትቶ ስለ ግሥ ማሰብ ይጀምራል፤ ወይም የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ያመጣል። እኛ የምንለው ክርክሩ ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሌላም ይሁን፤ ቃላቱ ግን መጽሐፉ ላይ እንዳሉ ይጠሩ። የረቡዕ ኩዊዝ ደግሞ ፈተናው በሚመጣበት በእንግሊዝኛ ይውጣ። የሰኞው በአማርኛ፣ የረቡዑ በእንግሊዝኛ ሲሆን ተማሪው ሐሳቡን ጨርሶ ወደ ቋንቋው ይሄዳል።

በአማርኛ ስንጽፍ የፊደል ነገር አለ። ተማሪው ቆይቶ ሲፈልግ "ህዋስ" ብሎ ከጻፈ "ሕዋስ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም፤ ፍለጋው ፊደሉን እንዳለ ነው የሚያየው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ብዛት ስለሚለያይ ጨርሶ አይፈለግም። መፍትሔው የመለያ ቃላትን መምህሩ አስቀድሞ መወሰኑ ነው፤ #ባዮ_3 ዓይነት፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ የማይገቡበት። ዝርዝሩን ጽፋችሁ ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

ዳታ ገንዘብ ነው

የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በ720 ጥራት ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ያው ማብራሪያ በድምፅ ቢላክ ከ2 ወይም 3 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ከሱ ጋር የሰሌዳው ፎቶ ቢያያዝ ተማሪው እየሰማ ይከተላል። ፎቶው እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ይላክ፣ ቴሌግራም ራሱ ያጠበዋል። ስታነሱት ሰሌዳው ላይ መስኮት እንዳያበራ ከጎን ሁኑ፣ ቅርብ ቅርቡን በሁለት ወይም በሦስት ፎቶ ክፈሉት፤ ሙሉ ሰሌዳ በአንድ ፎቶ ሲጠብ ዝቅ ብለው የተጻፉ ቁጥሮች ይጠፋሉ። የድምፅ መልእክት ከ2 ደቂቃ በላይ ከሆነ ቁረጡት፤ ድምፅ በፍለጋ አይገኝም፣ 9 ደቂቃ ያህል ያዳመጠ ተማሪም የሚፈልጋት ነጥብ የት እንዳለች አያስታውስም።

ሙሉ መጽሐፍ መጫን ቀርቶ የሳምንቱ ምዕራፍ ብቻ ተቆርጦ ይጫን። ተማሪዎቹም ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብተው በሞባይል ዳታ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ እንዲያጠፉ አሳዩዋቸው። ይህች ቅንብር ክፍት ሆና የተማሪው የሳምንት ፓኬጅ የጓደኛው የልደት ቪዲዮ ላይ ያልቃል፤ እሱ ግን "የቲቸር ግሩፕ ዳታ ይበላል" ብሎ ይወጣል።

የሚያበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያው የፈተና ወሬ ነው። በግንቦት 2008 የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝ ደርሷል። ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉም ከዚህ ዓይነቱ ስርቆት የመጣ ነው። በዚያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ጭንቀቱ ይገባናል፤ አጭበርባሪዎችም የሚነግዱት በዚሁ ጭንቀት ላይ ነው። ፈተና ሲቃረብ "የዘንድሮ መልስ አለን፣ ቅድሚያ ክፍያ" የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ፤ አንዳንዶቹ የመምህሩን ስምና ፎቶ አስመስለው ይከፈታሉ። ከፈተናው አንድ ወር በፊት ትክክለኛው የቻናላችሁ አድራሻ በክፍል ውስጥ በቃል ይነገር፣ በግሩፑ ላይም ሊንክ የያዘ መልእክት ወዲያው ይጥፋ።

ሁለተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መልስ ነው። ጥያቄውን ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ መልስ ማምጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማሳደዱ አያዋጣም፤ ጥያቄውን ግን መቀየር ይቻላል። "ሊያሳስተኝ የነበረው ምርጫ" የሚለው ዓረፍተ ነገር አንዱ መከላከያ ነው። ሌላው ጥያቄውን ከሰፈር ማምጣት ነው፦ ከቤትህ አጠገብ ያለውን ዛፍ ቅጠል አሳይ፣ ከላይና ከታች ያለውን ልዩነት በእጅህ ሥለህ ፎቶውን ላክ። ሦስተኛው ሐሙስ ክፍል ውስጥ ከባለ ተራዎቹ አንዱን አስነስቶ "የጻፍከውን በአንድ ደቂቃ አስረዳን" ማለት ነው። ይህ የሚደረግ መሆኑ ከታወቀ ሳምንት ጀምሮ የመልሶቹ ቋንቋ ይለወጣል።

ሦስተኛው ሲዘጋ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ሌሎች የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች በአገራችን ተገድበው ቆይተዋል፤ ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ማለት ነው። ሥራቸውን ሁሉ እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች የገጠማቸው ችግር መልእክት መላክ አለመቻላቸው ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ኖታቸውን ማግኘትም ፈተና ነበር። በየወሩ መጨረሻ በኮምፒውተር ቴሌግራም ገብታችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ "ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ" በሉ፤ ጽሑፉና ፎቶው በኤችቲኤምኤል ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የረድፍ አለቆች ስልክ ቁጥርም በወረቀት ይያዝ፤ ስምንት ኤስኤምኤስ 64 ተማሪ ያዳርሳል።

መምህሩም ሰው ነው። አምስት ሴክሽን ይዞ ቀኑን ሙሉ ግሩፕ የሚመልስ ሰው በሁለት ወር ይሰለቻል፣ ስልቹነቱም በአጻጻፉ ይታወቃል። ሰዓታችሁን ግሩፑ አናት ላይ ጻፉት፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ የመጣ ጥያቄ በማግስቱ ይመለሳል።

ምን እንቁጠር?

የአባላት ብዛትና የዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለው የተመልካች ቁጥር ያስደስታል እንጂ ምንም አይነግርም። ለዚህ የሚበቃው አንድ ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ መስመር፦ ጥያቄው፣ ሰኞ ድምፅ የሰጡት ስንት እንደሆኑና ከነሱ ትክክል ያገኙት፣ ረቡዕ እንዲሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በክፍል ፈተና ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ ትክክል ያገኙት። ከሰኞ ወደ ረቡዕ ጨምሮ በፈተናው ላይ ከወደቀ፣ ልጆቹ መልሱን ይዘው ምክንያቱን አልያዙም፤ ያ ጥያቄ በሌላ መልክ ይመለስ። ሰኞም ረቡዕም ካልተንቀሳቀሰ ጥያቄው ከብዷቸዋል ወይም አማርኛው አደናግሯቸዋል፤ ሁለት ተማሪ ጠርታችሁ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ብታደርጉ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። የድምፅ ሰጪው ቁጥር በተከታታይ ሦስት ሳምንት ከቀነሰ ደግሞ ከጥያቄው በፊት የዳታውን ነገር ጠይቁ።

ሰኔ ላይ ግሩፑን ክፍት አትተዉት። ሁለት ዓመት ባለቤት ያጣ ግሩፕ የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ መናኸሪያ ይሆናል፤ ስማችሁ ደግሞ አሁንም አናቱ ላይ አለ። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ከዚያ የአባላትን የመጻፍ መብት ዝጉ፣ ተማሪ አድሚኖችን አውርዱ፣ የመግቢያ ሊንኩን ሰርዙ። ከደብተሩ ላይ ደግሞ ሰኞ ዕለት ከ30 እስከ 70 በመቶ መካከል የወደቁትን ጥያቄዎች ለዩና ለመስከረም አስቀምጧቸው፤ የቀሩትን ከምርጫቸው ጋር እንደገና ለመጻፍ ክረምቱን ሙሉ ጊዜ አለ።